አባዬን በጉርሻ ሸወድኩት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አባዬ ዛሬም አቃጠለኝ! የሚያንቀጠቅጠው ፓርኪንሰን ብቻ አይደለም፣ ጡንቻ የሚያመነምን የነርቭ በሽታም ተጨምሮበታል ብሎናል ሐኪሙ። እጁ አፉ ጋ አይደርስለትም። ላብላህ ስለው ግን «ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት እንኳ እንደሱ አያደክምም።

ስለዚህ ሸወድኩት። «አንዲት ጉርሻ ብቻ፣ በሞቴ!» አልኩት። ጉርሻ እምቢ አይልማ! ከዚያ «አንድ ያጣላል» እያልኩ ደጋገምኩት፤ ምሳው ሊያልቅ ደረሰ።

ፊቱ ከበሽታው የተነሳ ስለደረቀ ይሳቅ ይናደድ አይታወቅም። በተሳሰረ አንደበቱ «አንተ ቀጣፊ፣ አሁን ተራህ ነው» አለና ሊያጎርሰኝ እጁን ዘረጋ። እንጀራው አፌ ሳይደርስ ሸሚዜ ላይ ወደቀ።

ጎንበስ ብዬ ባዶ ጣቱን ጎረስኩና አላመጥኩ።

«ጨው አንሶታል» አልኩት።

የሳቀ መሰለኝ። እንጃ…