አባትሽ አልተቀየመሽም

የካቲት 18 ቀን

የሆዴ ልጅ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። ዛሬ "ደህና ነን" ስልሽ የምሬን ነው፤ እስካሁን የምልሽ ግን ግማሹ አንቺን ለማጽናናት ነበር።

ባለፈው ስንደዋወል "አባዬ ሳታማክረኝ አገባች ብሎ ተቀይሞኛል፤ አገናኚኝ ባልኩሽ ቁጥር ደንበኛ ይዟል ትዪኛለሽ" ብለሽ ስታለቅሺ አንጀቴን በላሽው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከመቀሱ ምላሱ ይፈጥናል። ፀጉሩ ሳያድግ ወሬ ናፍቆት የሚመጣ ስንት ሰው ነበር! ያለፈው ክረምት ግን ድምፁ ሻከረ። ቃሩስ የቆየ ነው፤ ያቺን የምትታኘክ ነጭ ክኒን እንደ ከረሜላ ኪሱ ውስጥ ይዞ ሲዞር ታስታውሻለሽ። አሁን ግን ጋደም ሲል ኮምጣጣው ጉሮሮው ድረስ እየመጣ ያስለው ጀመር። ወንበር ላይ ተደግፎ ያድራል። ስጠይቀው "ጉንፋን ነው" ይለኛል። ዝም ብሎ ሲቆርጣቸው ደንበኞቹ እንኳ "ምነው፣ ተጣላን እንዴ?" ይሉት ነበር።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ስሄድ ሱቁ ውስጥ ሰው የለም። እሱ መስታወቱ ፊት ብቻውን ቆሞ "ሃሎ፣ ልጄ... ሃሎ፣ ልጄ" ይላል። ድምፁ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ይላል። ያበደብኝ መሰለኝ።

"ምን ሆነሃል?" አልኩት።

የደንበኛው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። "በቀደም ደውዬላት ነበር" አለኝ። "ልጄ ስላት 'ማን ልበል?' አለችኝ። ዘጋሁት።"

"ታዲያ እኔ ነኝ አትላትም?"

"ወንድሜም እኮ እንዲሁ ነው የጀመረው።"

ያኔ ገባኝ። አጎትሽን የወሰደው የጉሮሮ ካንሰር የጀመረው በድምፅ መሻከር ነበር። ለካ ይሄ ሰው በራሱ ላይ ፈርዶ ተቀምጧል! ምሳውን እንኳ ሳይቀምስ እጁን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብተው አዩት፤ ናሙናም ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ያሳለፍነውን ለጠላቴም አልመኝ። ሐኪሟ ያንቺ እኩያ ናት። "አባባ፣ ካንሰር የለብዎትም" ስትለው መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ሁሉ ዳበሰ።

"ያሉብዎት ሁለት ነገሮች ናቸው" አለችው። "አንደኛው ጨጓራዎን ያቆሰለ ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው አሲዱ ወደ ላይ እየተመለሰ ጉሮሮዎን ማቃጠሉ ነው።"

"ባክቴሪያው ከሞተ ቃሩም አብሮ ይቀበራላ?"

"ላይቀበር ይችላል" አለች እየሳቀች። "ለየብቻ ነው የምናክማቸው።"

ለባክቴሪያው የታዘዘለትን መድኃኒት "አፌ ሳንቲም ሳንቲም አለኝ" እያለ ሁለት ሳምንት ዋጠ፤ አንዱንም አላስተጓጎለም። በኋላ በትንፋሹ ሲመረመር ጠፍቷል። የአሲዱን መድኃኒት አሁንም እየወሰደ ነው። እራቱን በጊዜ ይበላል፤ የአልጋውንም ራስጌ በጡብ ከፍ አድርገነዋል። እኔ ወደ ግርጌ ስንሸራተት አድራለሁ! ባክቴሪያው እኔም ላይ ተገኝቶ ታከምኩ። "ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ የሰጠኸኝ ስጦታ ይሄ ነው?" ስለው "አንቺ እንደሰጠሽኝስ ማን ያውቃል?" አይለኝም? አንቺም ጨጓራሽ ካስቸገረሽ ችላ አትበዪ፤ የወጣሽው ከዚሁ ቤት ነው።

ድምፁ ገና አልጠራም፤ "ደንበኛ ይዟል" ስልሽ የከረምኩትም ድምፁን ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ብሎ ነው። ሐኪሟ ጊዜ ይፈልጋል ብላዋለች። ግን ትናንት ደንበኛ ሲያስቅ ከደጅ ሰማሁት። ጋብቻሽ ያስቀየመው ከመሰለሽ ደግሞ የሠርግሽን ፎቶ ሱቁ ውስጥ ሰቅሎታል፤ ለመጣው ሁሉ "አማቼ ቁመቱ ሲያምር!" ይላል።

ፈጣሪ ትዳርሽን ያጽናልሽ፤ የበላሽው ይስማማሽ፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው።

እሁድ ራሱ ይደውልልሻል። ቶሎ ካልተናገረ ታገሺው፤ የሚይዘው ጉሮሮው ሳይሆን ናፍቆትሽ ነው።

የምትሳሳልሽ
እናትሽ