በእኔ እሑዶች ስለተመረቁት አለቃዬ

ለክቡር አቶ ሠረቀብርሃን አካሉ
የሰገነት ሶፍትዌር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የሰው ሀብት ዳይሬክተር
ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ

ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ለተጻፈልኝ ማስጠንቀቂያና ለቀረበብኝ ክስ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለወንበርዎም ምቾት ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። እኔ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በሁለት ታክሲ በመገናኛ በኩል እየተጋፋሁ የምመጣው ቢዝነስ አናሊስትዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቢያንስ እስከ ሐሙስ ድረስ።

ሥራዬ ደንበኛው በእርግጥ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ጠይቄ፣ አጣርቼ፣ ለፕሮግራመሮቹ በጽሑፍ ማስረዳት ነው። ስለዚህ ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በለመድኩት መንገድ ከመነሻው ልጀምር። በየካቲት ወር መሥሪያ ቤታችን ለአናሊስቶችና ሥራቸውን በየሁለት ሳምንቱ ከፋፍለው ለሚሠሩ የአጃይል ቡድኖች የሚሆን የኦንላይን ሥልጠና ከውጭ ገዛ፤ አርባ ሰዓት ቪዲዮ፣ በመጨረሻም ፈተና። የቡድን መሪ የሚሆነው ሥልጠናውን ካለፉት መካከል እንደሚመረጥም እርስዎ ራስዎ አስታወቁ። ግሩም ውሳኔ ነበር። አሥራ ሁለት አካውንት መጣ፤ እኛ አናሊስቶች ደግሞ ሰባት ነን። ነገር ግን አካውንቶቹ በሥልጣን ቅደም ተከተል በመታደላቸው ለግዢ ኃላፊው፣ ለጥበቃ ኃላፊውና መኪና ለሚያሰማሩት ኃላፊ ሳይቀር ደርሰው፣ እኔ ጋ ሲደርሱ አለቁ። ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. አካውንት እንዲሰጠኝ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቼ፣ ሦስቱም ማመልከቻዎች በመዝገብ ቤትዎ «ገቢ» የሚል ማኅተም ስለተመታባቸው አመሰግናለሁ። ማኅተሙ በጣም ያምራል። መልሱ «በቅርብ አለቃሽ በኩል አቅርቢ» የሚል ነበር።

2. የቅርብ አለቃዬ አቶ ይድነቃቸው ሣህሌ ጥያቄዬን በትዕግሥት አዳምጠው፣ የራሳቸውን አካውንት ፓስወርድ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። እንድማርበት መስሎኝ ከልቤ አመስግኜ ነበር። እርሳቸው ግን «ጸጊዬ፣ አንቺ ፈጣን ነሽ፤ እኔን ስብሰባ ገደለኝ። ይቺን ጨርሺልኝና ያንቺን አስከፍትልሻለሁ» አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም፤ ጥፋቴ ነውና አልደብቀውም። በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞሉት እርሳቸው ናቸው፤ እምቢታ በመሥሪያ ቤታችን ስንት ነጥብ እንደሚያስቀንስ ደግሞ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። በቤታችን ኢንተርኔቱ ስለማያስተማምን ስምንት እሑድ ባዶ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ አርባውን ሰዓት ተከታተልኩ፤ መልመጃዎቹን ሠራሁ፤ ፈተናውንም ተፈተንኩ። የመዘምራን መሪያችን ክብረት በስምንተኛው እሑድ ደውላ «ምነው ጸጊ፣ ሌላ ጌታ ያዝሽ እንዴ?» አለችኝ። ውጤቱ ከመቶ ዘጠና አራት ሆነ። የአቶ ይድነቃቸው ዘጠና አራት።

3. ቅዳሜ ግንቦት 2 ቀን እንጦጦ ፓርክ ላይ ስላዘጋጁልን የቡድን መንፈስ ማጠናከሪያ ቀን አመሰግናለሁ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን በነፋሱ እየተንቀጠቀጥን ሳለ፣ በፍሬም የገባውን ሰርተፍኬት ለአቶ ይድነቃቸው አስረክበው የቡድን መሪ አድርገው ሾሟቸው። እርሳቸውም ማይኩን ተቀብለው «ቅዳሜና እሑዴን ሠውቼ ነው የተማርኩት» አሉ። አጠገቤ የቆመው ፕሮግራመር ሚልኬሳ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «የማንን እሑድ?» አለ። ከአዲሶቹ ልጆች አንዷ ከሥልጠናው በጣም የጠቀማቸው የትኛው ክፍል እንደሆነ በየዋህነት ጠየቀቻቸው፤ ትንሽ አሰቡና «ኮሙኒኬሽን» ብለው ተቀመጡ። ከሁሉም አስበልጠው ያጨበጨቡት እርስዎ ነበሩ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ባስታወስኩት ቁጥር በገዛ እጆቼ አፍራለሁ።

4. በቀጣዩ ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት ማስጠንቀቂያ እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛዋ በተመቻቸላት የኦንላይን ሥልጠና ዜሮ ሰዓት ያስመዘገበች በመሆኑ፣ ራሷን ለማብቃት ፍላጎት እንደሌላት ተረጋግጧል።» ያልተሰጠኝን አካውንት ባለመጠቀሜ መቀጣቴን እንደ ምንም ልዋጠው። «ተረጋግጧል» የምትለዋን ቃል ግን መዋጥ አቃተኝ። ማን አረጋገጠ? ማንን ጠይቆ? የሥልጠናው አራተኛ ክፍል፣ ጊዜ አግኝተው ያዩት እንደሆነ፣ አንድን ችግር ከመጻፋችን በፊት ችግሩ የሚነካውን ሰው ሄደን እንድንጠይቅ ያስተምራል። ከእርስዎ ቢሮ እስከ እኔ ጠረጴዛ አሥራ አራት ደረጃ ነው።

5. እርስዎ ስላልወረዱ እኔ ወጣሁ። እውነቱን ከነጥፋቴ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩዎት። በጽሞና አዳምጠው ሲያበቁ «እንግዲህ በራስሽ አንደበት አመንሽ» አሉኝ። በማግስቱ የደረሰኝ ክስ «ያለ ፈቃድ በኃላፊ አካውንት መጠቀም» ይላል። ሐሙስ ግንቦት 21 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ፤ ጥፋተኛ ከተባልኩ ከሥራ እሰናበታለሁ። ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት። ከአባላቱ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ናቸው።

ክቡር ሆይ፣ ትሕትናዬ እስከዚህ ድረስ ነበር የበቃኝ።

የሰረቅኩት ምንድን ነው? የገዛ እሑዴን ነው? ያለ ፈቃድ ገባች የምትሉኝ ፓስወርዱ በባለቤቱ እጅ ተጽፎ፣ በባለቤቱ እጅ ተሰጥቶኝ ነው። ብጣሿ ወረቀት አሁንም እኔ ጋ አለች፤ ጽሕፈቱን ለመለየት ደግሞ የዓመት ፈቃድ ቅጾቼን ማየት ይበቃል፤ «አልተፈቀደም» ብለው የጻፉባቸው በዚያው እጅ ነውና። አምስት ዓመት ተምሬ፣ ሦስት ዓመት ለፍቼ፣ ሰው ሲያስቸግረው የሚጠራኝ አናሊስት ሆኛለሁ። ከዚህ ቤት «አጭበርባሪ» የሚል ደብዳቤ ይዤ ከወጣሁ በዚህ ከተማ ሌላ መሥሪያ ቤት በሩን አይከፍትልኝም፤ ይህን ታውቃላችሁ፤ የምትተማመኑትም በዚሁ ነው። እፈራለሁ ብላችሁ ነው። እፈራለሁም። ግን ዝም አልልም።

ስለዚህ ምሕረት ሳይሆን አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ሐሙስ ጠዋት እኔና አቶ ይድነቃቸው በመላው ቡድን ፊት፣ በተለያየ ጠረጴዛ፣ ስልካችንን አስረክበን፣ ያንኑ ፈተና በየስማችን እንፈተን። ጥያቄዎቹ አዲስ አይሆኑባቸውም፤ ዘጠና አራት ያመጡበት ፈተና ነው። ከመቶ ሃምሳ ካገኙ፣ ኮሚቴው ሳይደክም የመልቀቂያ ደብዳቤዬን እዚያው ጽፌ እፈርማለሁ። ካላገኙ ግን ማስጠንቀቂያውና ክሱ ይቀደዱልኝ፤ ሰርተፍኬቱም ወደ ተፈታኟ ስም ይዛወር። ፍሬሙን ይያዙት።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም እንኳ እንደሰጡኝ ቆጥሬ፣ ከወንበርዎ ከፍታ ልክ የሆነ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ሐሙስ ከሰዓቱ ቀድሜ እንደምገኝ አረጋግጥልዎታለሁ።

በመዝገብዎ ዜሮ ሰዓት የሠለጠነችው፣

ጸጋ ገመዳ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት (ከተከሳሿ ጋር አብረው መፈተን ለሚገባቸውም ጭምር)
ለመላው ሠራተኛ፣ በምሳ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ ዓርብ በምሳ ሰዓት ለባልደረቦቼ ካነበብኩ ወዲህ፣ በአለቆቻቸው ስም የተማሩና የተፈተኑ ሌሎች አራት ሰዎች ቀርበው ነግረውኛል። ከአራቱ አንዷ የምትሠራው በእርስዎ ዘርፍ ነው። ስሟን ሐሙስም፣ ከዚያ በኋላም አልናገርም። ውጤትዎን ግን ገና አልነገረችዎት እንደሆነ፣ ሰማንያ ስምንት አምጥተዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት።