የዘርፌ ኮምፒውተር ሙቀት

ዓርብ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2014፣ ካርቱም

የሟች ባለቤቴ የዘርፌ ኮምፒውተር ዛሬም ግሎ ጠፋብኝ። የሕይወቷን ታሪክ የጻፈችው እዚያ ውስጥ ነው። እኔ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው፤ አንድ ገጽ ሳልጨርስ እሱ ድርግም ይላል።

እንዲበርድልኝ ብዬ ውሃ የሚረጨው የአየር ማቀዝቀዣ፣ ሙከይፉ፣ አፍ ላይ አስጠግቼው ነበር። እዚሁ ካርቱም ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ጎረቤቴ ዘይነባ ዛሬ ዕረፍቷ ነውና ልትጠይቀኝ ገብታ አየችው። ሳቀች።

«አባባ፣ የውሃ ማቀዝቀዣ እንስራ፣ ዚር አደረጉት እንዴ? ወላሂ እርጥበቱ ይገድለዋል!»

«ሠላሳ ዓመት ካርቱም የኖርኩትን ሰውዬ ማቀዝቀዝ አንቺ ልታስተምሪኝ?»

«እሺ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ጥገና ቤት ይውሰዱትና ጽሑፉን በወረቀት ያውጡልዎ።»

የሚስቴን ነገር ባዳ እንዲያነበው?

ስትሄድ ግን ገመዱን ነቅዬ ጎኑን ፈታሁት። የአቧራው ነገር! በሙከይፉ እርጥበት ጭቃ ሆኖ ማራገቢያውን አንቆታል። በጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቄ አደረቅሁት። ጀርባውንም ከግድግዳው አራቅሁት፤ ለካ ያወጣውን ሙቀት መልሶ ይስበው ኖሯል። ልጅቷ ልክ ነበረች። ለእሷ ግን አልነግራትም።

ከዚያ በኋላ ሳይጠፋ ቆየ። ገጹን ጨረስኩና ወደሚቀጥለው ገባሁ። አናቱ ላይ «ለባሌ ያልነገርኩት» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማራገቢያው ደህና ይዞራል። ዛሬ ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። ነገ ልክፈተው፣ ልተወው፣ እንጃ።