ለጎረቤት የደረሰው ቆርቆሮ

ለወንድሜ ለሰላሀዲን፣ ሻርጃ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል ወንድም ጋሼ? ሙቀቱስ በረደላችሁ? ያ የወገብህ ሕመምስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን። እኔ ግን ከናፍቆቱ ሌላ ንዴትም አለብኝ። በስልክ ልነግርህ ስጀምር ትስቃለህ፣ ስትስቅ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ሳታቋርጠኝ እንድታነበው ጽፌ በመንገደኛ ላክሁልህ።

ነገሩ ያ የላክኸው የወለል ቀለም ነው። አባባ ግራ ጎናቸው ከሰነፈ ወዲህ ከፎቅ አልወረዱም፤ ያን የእንጨት ደረጃ በዊልቸር መውረድ አይታሰብም። ምድር ቤቱን መኝታቸው ልናደርገው፣ እሳቸውም በሩ ላይ ሆነው የአፍንጮ በርን ሰው ሰላም ሊሉ፣ የመውሊድንም እንግዳ እዚያው ሊቀበሉ ተስማምተን ነበር። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ ጎማውን ስለሚይዝ፣ አንተ ኢፖክሲ ቢቀባ እንደ መስታወት ይሆናል ብለህ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ላክህ። መላክህ ደግ ነው። ግን ምነው ወንድሜ፣ ሁለቱ ካልተቀላቀሉ እንደማይደርቅ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ይጎድልብህ ነበር?

እማዬን ታውቃታለህ። ከውጭ የመጣ ነገር ለብቻ አይበላም ባይ ናት፤ ተምርም ይሁን ሳሙና ለጎረቤት ሳይደርስ ጓዳ አይገባም። እኔ አምስት ኪሎ ሥራ ላይ ሳለሁ ካርቶኑን ፈታች፣ ትልቁን ለቤት አስቀረች፣ ትንሹን ድርሻሽ ነው ብላ ግድግዳ ለምትጋራን ለጁወይሪያ ሰጠቻት። ለኔ አልነገረችኝም። እሷ የሰጠችውን አትቆጥርም።

ቀለም ቀቢው ገነነ በሐምሌ መጣ። ዕድሜውን በዘይት ቀለም የጨረሰ ሰው ነው። ሌላ ቆርቆሮ አለው ወይ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ፣ ወፈረብኝ ብሎ ማቅጠኛ አኳራጅ ጨመረበትና በሩሎ አዳረሰው። ላየው ሰው እውነትም መስታወት ነበር። በማግስቱ ስረግጠው ጫማዬ እዚያው ቀረ። ክረምት ስለሆነ ነው፣ ብርዱ ነው፣ ይደርቃል አለን። ጠበቅን። በሩን ከፍተን ከሰል አነደድን፣ ደግሞ ጠበቅን። ነሐሴም ተጋመሰ፤ ወለሉ አሁንም እንደ ማር ያጣብቃል። የሰፈሩ ድመት ገብታ በስንት ጩኸት ወጣች። ገነነም ስልኬን ማንሳት ተወ።

መውሊድ ደረሰ። የአባባ ጓደኞች ጉልበታቸው ደረጃውን አይችልም፣ ታች ደግሞ መርገጫ የለም። ስለዚህ ውጭ በር ላይ ቆመው ዱዓ አድርገው ተመለሱ። አባባ በመስኮት እጃቸውን አነሱላቸው። አንጀቴ ያረረው ያን ቀን ነው።

ያንኑ ዕለት ለጁወይሪያ ምግብ ይዤላት ሄድኩ። አግዳሚው ላይ አረፍ ብዬ ልነሳ ስል አዲሱ ቀሚሴ አልነሳ አለ። ምንድነው ብላት አቀረቀረች። እማዬ የሰጠቻትን ቀብታው አልደርቅ እንዳላት፣ ስጦታ ደግሞ እንዴት ይነቀፋል ብላ ዝም እንዳለች ነገረችኝ። ቆርቆሮውን አምጪው አልኳት። ቀለም አልነበረም፤ የኛው ወለል ማጠንከሪያ ነው። በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ሁለት ቤት ተጣብቆ፣ ሁሉም በይሉኝታ አፉን ዘግቶ ከረመ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኛ ግን ነቀዘ። እማዬን ብጠይቃት፣ ታዲያ ሳላካፍል ልቀር ኖሯል ወይ ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ።

ገነነን ቤቱ ድረስ ሄጄ አመጣሁት። ፒያሳ ያሉ ቀለም ሻጮች በላዩ ሌላ መቀባት እንደማያዋጣ፣ ያልደረቀው ሁሉ መነሳት እንዳለበት ነገሩን። በስፓቱላ ፋቅን፣ በአሴቶን ጠረግን፣ ሲሚንቶው እስኪሻክር በብርጭቆ ወረቀት አሸን። ጁወይሪያም ቀሚሷን ሰብስባ አብራን ስትፍቅ ዋለች። ከዚያ ሁለቱም ቆርቆሮ ያለው አዲስ ተገዛ። ገነነ በልኩ ቀላቅሎ እስኪጨርስ ድረስ፣ እማዬ ለማንም እንዳታካፍል ቆርቆሮዎቹ ላይ ዘብ ቆሜ ነበር። በማግስቱ ወለሉ ደረቀ።

አባባን የሰፈሩ ጎረምሶች ተሸክመው አወረዷቸው። ጎማውን ራሳቸው ወዲያ ወዲህ አሉት፣ አልያዛቸውም። አሁን ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ናቸው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እጃቸውን ሳይስም አያልፍም። ወለሉ አንተ የላክኸው እንደሆነ ነው የሚያውቁት። እኔም አላረምኳቸውም።

ባለቤትህን ኡሙሰልማን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። አብዱልሙሀይሚንን ሁለቱን ጉንጩን ሳምልኝ፣ አክስትህ ናት በለው። እማዬ ናፍቆቷን በዱዓ ልካልሃለች። ጁወይሪያ ስለ ስጦታው ታመሰግንሃለች፤ ከልቧ ነው፣ እኔ ነኝ የምናደደው። ገነነም ሰላም ብሎሃል።

የአባባን ሰላምታም ልጽፍ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ወለሉን ዝቅ ብለው አዩና፣ የኔን አትጻፊው፣ ስንት ዓመት ዕቃ ብቻ ሲልክ ኖረ፣ የኔን ሰላምታ መጥቶ ከእጄ ይውሰድ አሉኝ።

እህትህ ነጂባ
አፍንጮ በር፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.