«ከፍተኛ» ያሉት ምን ነበር?

ሚያዝያ 9

ዛሬም ሙጫ። ሦስት መዝገበ ቃላት ጀርባቸው ተገንጥሎ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጠገኛ ክፍል መጣ። ሁለቱን ሰፋሁ፣ አንዱን ለነገ አቆየሁት። ወገቤ… እሱን መጻፍ ምን ያደርጋል።

ቤት ስገባ ፌንጣ ክፍሏ ውስጥ ናት። «በላሽ?» አልኳት። «እሺ» አለችኝ። ጥያቄና መልሱ እንኳ አይገጥምም። ዓመት ከሁለት ወር ሆነ፣ ከ«እሺ» ሌላ ቃል ከልጄ አፍ ካገኘሁ።

ፌንጣ ያለቻት ነፍሷን ይማርና እናቷ ናት፣ የልጅቷ እግር ረጅም ስለሆነ። እኔ በሆዴ ነው የምጠራት።

ሚያዝያ 12

የሚስቴ እህት ደወለች። ትምህርት ሲዘጋ ልጅቷ እሷ ከተማ ትምጣ፣ እዚያው ትማር ነው የምትለው። «አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሴት ልጅ ናት። አንተ ከሙጫህና ከጸሎትህ ሌላ ምን ታውቃለህ?»

አልተቆጣሁም። እውነት ነው። «እስቲ እሷን ጠይቂያት» አልኳት።

«ጠይቄያታለሁ። እሺ ብላለች።»

እሺ… ለእኔም እሺ፣ ለአክስቷም እሺ። የትኛው ነው የልብ?

ሚያዝያ 20

አዲስ ጣጣ። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሁለት ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥተዋል። ኃላፊዋ ጠራችኝ። ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፣ ሰው ታከብራለች።

«ጋሼ፣ ተማሪዎቹ ከፍተኛ ፋንታሲ አምጡልን እያሉ ራሴን አዞሩት። ከነዚህ ውስጥ ሃያውን ይምረጡና ጠግነው መደርደሪያ ላይ ያውጡልኝ። የቀረው ለሌላ ቅርንጫፍ ይሄዳል።»

«እኔ እኮ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። የመጽሐፍ ጀርባውን እንጂ ሆዱን አላውቅም።»

«ሁለት ሠራተኛ ለቆብኝ ማንን ልዘዝ ታዲያ?»

እሺ አልኩ። ይኸው፣ እኔም እሺ ባይ ነኝ።

ፋንታሲ… ልጄን የወሰደብኝ እሱ አይደል? የምታነበው ሁሉ ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ የሌለ ንጉሥ። ጠዋት «ከክፉ ሰውረኝ» ብዬ ጸልዬ፣ ከሰዓት ጠንቋይ ልጠግን።

ሚያዝያ 24

መረጥኩ። ከፍተኛ ካሉ ከፍተኛ ነው፣ ከፍተኛ ትምህርት እንደሚባለው። ወፍራም ወፍራሙን፣ ፊደሉ ደቃቅ የሆነውን ለየሁ። ቀጫጭኑን ለጀማሪ ነው ብዬ ወደ ካርቶኑ መለስኩ። ሃያውን መሰላል ላይ ወጥቼ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው። «ከፍተኛ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ።

ሚያዝያ 26

መሳቂያ ሆንኩ። ሁለት ተማሪዎች መሰላሉን ወጡ። አንዷ ከላይ ሆና፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ የሌባና ፖሊስ ታሪክ ነው!» ሌላዋ ደግሞ ሽፋን የሌለውን ገልጣ፣ «ይሄ ስለ መርከብ ሞተር ነው! ከፍተኛ ስንል ቁመቱን መሰለዎት?»

ዘበኛው ከበር ሰማ። «ዝቅተኛውን ደግሞ ምድር ቤት ይቅበሩታ ጋሼ!»

አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ። ኃላፊዋ ግን አልሳቀችም። ቀስ ብሎ ይስተካከላል አለችኝ። ያ ባሰብኝ።

ማንን ልጠይቅ? ማንን እንደምጠይቅ አውቃለሁ። የከበደኝም ማወቄ ነው።

ሚያዝያ 27

ፌንጣን ጠየቅኳት። ሳህን ታጥባለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። «ከፍተኛ ፋንታሲ ማለት ምንድን ነው?»

ቧንቧውን ዘጋች። «ለምን ፈለግከው?»

ነገርኳት። መሰላሉንም፣ የመርከቡንም ሞተር። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ለመሆን ጥቂት ነበር የቀረው። «አምጣቸውና ልያቸው» አለች። «አምስት አምስት እያደረግክ። ሁሉንም በአንዴ ተሸክመህ ወገብህን እንዳትሰብር።»

ስለ ወገቤ ታውቃለች ማለት ነው።

ግንቦት 3

ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ እንቀመጣለን። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ትፈርዳለች። የመጀመሪያውን ገጽ፣ ከመሃል አንድ ገጽ… አለቀ።

«ይሄ አይደለም።»

«ጠንቋይ አለበት እኮ።»

«ጠንቋዩ ታክሲ ነጂ ነው። እዚህ እኛው ከተማ ውስጥ ነው ያለው።»

«ይሄስ? ካርታ አለው።»

«ካርታማ የአውቶቡስ ጣቢያም አለው።»

«እና ከፍተኛው የቱ ነው?»

እጇን አነሣች፣ እናቷ ነገር ስታስረዳ እንደምታነሣው። «አገሩ ራሱ ሌላ ሲሆን። ታሪኩ፣ ሕጉ፣ ጨረቃው ሳይቀር። እዚያ የተወለዱት እኛ መኖራችንን አያውቁም። የሚያሰጋው ነገር ደግሞ አንድ ሰው ወይ አንድ ቤት ላይ ብቻ የመጣ አይደለም፣ በዓለሙ በሙሉ ላይ ነው።»

«ጥሩ ስለሆነ አይደለማ ከፍተኛ የተባለው።»

«ኧረ አባዬ፣ ስንት ቀሽም አለ! ከፍተኛ ማለት ከዚህ መራቁ ነው።»

አባዬ አለችኝ። ጻፍኩት፣ እንዳልረሳው።

ግንቦት 8

ዛሬ አንዱ ቀጭን ነው። አንዲት ልጅ ጉድጓድ ወርዳ ሌላ አገር ትገባለች፣ መጨረሻ ላይ ቤቷ ትመለሳለች። ፌንጣ ይዛው ብዙ ቆየች።

«ይሄ በር ያለው ነው። እሱንም ከፍተኛ የሚሉት አሉ፣ ይከራከሩበታል። ለመደርደሪያው ይሁን። እኔ ግን አልወድም።»

«ለምን?»

መርፌዬን እያየች ነው የመለሰችልኝ። «በር ካለ መመለስ አለ። የምትመለሰው ደግሞ… እማዬ የሌለችበት ቤት ነው።»

መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ።

ግንቦት 9

ሥራ አልገፋ አለኝ። ያን ነገር መጻፍ አለብኝ።

ሚስቴ በተቀበረች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ፌንጣ ጥግ ይዛ መጽሐፍ ታነባለች። «እናትሽ አፈር ለብሳ አንቺ ውሸት ትለቅሚያለሽ?» አልኳት። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ከዚያ ወዲህ ነው «እሺ» የመጣው።

ለፈጣሪ ስንቴ ተናዘዝኩ። ለእሷ አንድ ቀን አልነገርኳትም። ለእሱ መንገር ይቀላል… ፊቱን አያዞርብኝማ።

ደግሞስ ውሸት ነው? ጌታ በምሳሌ ሲያስተምር፣ ያ ዘሩን እሾህ ላይ የበተነው ገበሬ ስሙ ማን ነበር? ሰፈሩስ? ማንም «የት አየኸው» ብሎ አልጠየቀውም።

ግንቦት 11

ነገርኳት። ቃላት አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ያን ቀን በሰው ፊት ውሸት ያልኩሽ… ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ «ያን ቀን የያዝኩት ለእማዬ አነብላት የነበረው መጽሐፍ ነው» አለች። «ሆስፒታል። አንተ ሥራ ስትሆን። አርባ ገጽ ሲቀረን ሞተች። ልጨርስላት ብዬ ነበር።»

አላወቅኩም። እንዴት አላወቅኩም?

«ጨረስሽላት?»

«አይ። ከዚያ ወዲያ ገልጬው አላውቅም።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። እሺም አላለችም።

ግንቦት 15

አርባውን ገጽ ጨረስናቸው። እሷ አነበበች፣ እኔ ሰማሁ። ማን ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ግማሹ አልገባኝም። ሁለታችንም አለቀስን፤ እኔ በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሰኔ 2

ባለፈው ሳምንት ሃያው ተሟላ። ደረት ትይዩ ያለው መደርደሪያ ላይ አወጣኋቸው። በአንድ ሳምንት አሥራ አራቱን ተማሪዎች ተዋሷቸው። ኃላፊዋ «ጋሼ፣ ማን ረዳዎት?» አለችኝ። «ቤት ውስጥ ሊቅ አለችኝ» አልኳት።

ሰኔ 28

የሚስቴ እህት መጣች። ሻንጣው ሳሎን ቆሟል። ሦስታችን ተቀመጥን። እንደ ልማዴ ዝም ልል ነበር… አልቻልኩም።

«ብትቀሪልኝ ደስ ይለኛል» አልኳት ልጄን። «ብትሄጂም አልቀየምሽም። እስከ ዛሬ ሁለቱንም ስላልነገርኩሽ ነው።»

አክስቷ ሻንጣውን ወደ ጎን ገፋ አደረገች።

«እሄዳለሁ አባዬ» አለች ፌንጣ። «እዚህ ሁሉም ነገር እማዬ ናት። መጋረጃው፣ ማንኪያው። ትንሽ ልረፍ። ከአንተ ሸሽቼ አይደለም።»

አመንኳት? አመንኳት። በሩ ላይ ሳመችኝ፤ ሻንጣዋን እኔው እስከ መኪናው ተሸከምኩላት።

ሐምሌ 1

ጸለይኩ። አራት ሰዓት ብቻ ተኛሁ። ቤቱ ሰፊ ነው።

ሐምሌ 14

ስልክ መደወል የሚስቴ ሥራ ነበር። እኔ ሲደወል አነሣለሁ እንጂ ለወሬ ደውዬ አላውቅም። ምን ይባላል?

ባለፈው ሳምንት ከቀረው ካርቶን አንድ መጽሐፍ ለራሴ አወጣሁ። የቱን ላንብብ ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ። በዕድሜዬ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው ልቦለድ ነው። ዓይኔ ደከመ፣ ትናንት ጨረስኩት። ስለ እሱ የሚያወሩት ሰው ሲጠፋ ደግሞ እንዴት ያቃጥላል!

ደወልኩ።

«አባዬ? ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም። አንድ መጽሐፍ አንብቤ ተናድጄ ነው።»

«አንተ?»

«አርባ ቀን ሙሉ በእግራቸው ሲጓዙ የአንዳቸው ጫማ እንኳ አይበሳም? ያ ዘንዶስ፣ ሦስት መቶ ዓመት ዋሻ ተዘግቶበት ምን እየበላ ኖረ? ድንጋይ? ንጉሡን ደግሞ ተዪው። ሰፈር ሽማግሌ ቢያደርጉት ዕድር አይመራም።»

መሳቅ ጀመረች። እንደ ድሮዋ፣ ትንፋሽ እያጠራት። እኔም ስለ ዘንዶው ጨመርኩበት። ሰዓቱን ሳላይ ጆሮዬ ጋለ።

ከወዲያ የአክስቷ ድምፅ ተሰማኝ። «ማነው እሱ እንዲህ የሚያስቅሽ?»

«አባዬ ነው» አለቻት።