ፌንጣን በዝግታ የረታንባት ቀን

ከሩቅ ሆኜ በየቀኑ ለማስብህ ለወንድም ጋሼ፤ እንዴት ነህ? እንዴት ከርመሃል? ያ ሲበርድ የሚጠዘጥዝህ ትከሻህስ ተሻለህ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት፣ ወይስ ዛሬም መርፌዋ ላይ ክር ለማስገባት ልጆቹን ትጠራለች? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? የትምህርት ቤቱ ሜዳስ እንዴት ነው፣ ያቺ ወደ ግራ ያዘመመች የኳስ ቅርጫት እስካሁን የሚያቃናት አላገኘችም? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ዛሬ እረፍቴ ነው። ከመስኮቴ ሥር ካለው የልብስ ማጠቢያችን የሚወጣው እንፋሎት መንገዱን ሸፍኖታል፤ ሰዉ ከወገቡ በላይ ብቻ እየታየ ያልፋል። እንዲህ ሲሆን ቦታውም ጊዜውም ይምታታብኛል። አንተም ፊሽካህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ የምትል ይመስለኛል። ይህ ስሜት ሳይለቀኝ፣ በስልክ ጀምሬልህ መስመሩ የተቋረጠብንን የጨዋታ ወሬ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

እንደምታውቀው የእኛ ቡድን የልብስ ማጠቢያው ሴቶች ቡድን ነው። ሳምንቱን አንሶላ ስናጥፍ ሰንብተን እሑድ ቅርጫት ኳስ እንጫወታለን። የገጠሙን ደግሞ በብስክሌት ዕቃ የሚያደርሱት ሴቶች ናቸው። እነዚህ ሰዎች መራመድ የሚባል ነገር አያውቁም። ኳሱ እጃቸው ሲገባ አንዷ ወዲያው ትወረውራለች፣ ሌላዋ ማዶ ቅርጫቱ ሥር ሆና ትቀበላለች። በተለይ እኛ ፌንጣ የምንላት አንዲት ቀጭን ልጅ አለቻቸው፤ እዚህ አለች ስትል እዚያ ናት። ባለፈው ስንጋጠም ነጥብ መዝጋቢው ቁጥር መቀየር ሰልችቶት ነበር። በአጭሩ የእግር እሳት ሆነውብን ነው የኖሩት።

ስለ እትዬ ነግሬህ አውቃለሁ፤ የአንሶላዬን ሌላ ጫፍ የምትይዘው ሴት ናት። እዚህ አገር ስገባ ማንንም ሳላውቅ፣ አልጋዋን አካፍላ ያስተኛችኝ እሷ ናት። እህቴ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። አሁን ሃምሳን ልትደፍን ነው፣ ጉልበቷም አልቋል። ሐኪሙ ከዚህ ጨዋታ ማግስት ቀዶ ሊያክማት ቀጠሮ ሰጥቷት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ኳስ የለም ተብላለች። እነዚያን ብስክሌተኞች አንድ ቀን እንኳ ሳትረታ መቅረቷ ያንገበግባት ነበር። አሰላለፉን የማወጣው ደግሞ እኔ ነኝ፤ የአሠልጣኝ እህት ስለሆንኩ ብቻ መርጠውኛል።

አንተን ስጠይቅህ ያልከኝን አልረሳሁም። ፈጣንን የሚረታው የባሰ ፈጣን ነው፣ ወጣቶቹን አስሩጪ፣ ሴትዮዋን ከወንበር አታስነሺ ብለኸኝ ነበር። የቡድኔም ልጆች ያሉት ይህንኑ ነው። ጋሼ፣ አትቆጣኝና፣ ምክርህን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከእትዬ ጋር አንሶላ ሳጥፍ ነው። ሁለታችን ጫፍና ጫፉን ይዘን እንራመዳለን፤ እንገናኛለን፣ እንለያያለን፣ ደግሞ እንገናኛለን። አንዳችን ከቸኮልን ጨርቁ ረግቦ መሬት ይነካል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ማጠቢያው ነው። በልኩ ከተራመድን ግን አየር ይዞ ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ እኔም በዚያ ነጭ ነገር ማዶ የእትዬን ፊት እየጠበቅሁ ዓለሙን ሁሉ እረሳለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ፈዝዤ ሳለሁ፣ እነዚያ ሴቶች ሩጫውን የሚያገኙት ከእኛ ነው እኮ አልኩ ለራሴ። እኛ በችኮላ ወርውረን ስንስት ኳሱ ይነጥርላቸዋል፣ ከዚያማ እግሬ አውጪኝ ነው። ካልቸኮልንና ለአንድ ውርወራ ከተፈቀደልን ሃያ አራት ሰከንድ አብዛኛውን ኳሱን እየተቀባበልን ካሳለፍን በምን ይሮጣሉ? ስንስት ደግሞ ሁላችንም ኳሱ ላይ አንረባረብም፤ አንዷ ብቻ ኳሱን ከያዘችው ፊት እጇን ዘርግታ የመጀመሪያዋን ቅብብል ታዘገያለች፣ የቀረነው ወደ ኋላ ተመልሰን የቅርጫታችንን ፊት እንዘጋለን። ከፈለጉ ከሩቅ ይወርውሩ። እንግዲህ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች በለኝ።

ለዚህ ጨዋታ የሚያስፈልገው የማትቸኩል ሰው ነው፤ የማትቸኩል ሰው ደግሞ ከእትዬ ሌላ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ልጆቹን ሰብስቤ ዋሸኋቸው። እትዬ ከመሐል መስመሩ አለፍ ብላ ኳሱን ትያዝ፣ እኛ ስንወረውር እሷ ቀድማ ትመለስ ያለው ወንድሜ ነው አልኳቸው። አሠልጣኝ አለ ሲባል ማን ይከራከራል? እትዬ የያዘችው አንሶላ ላይ አጎንብሳ ፊቷን ደበቀችኝ።

የጨዋታው ቀን አዳራሹ በፀሐይ ተሞልቶ ነበር። ብርሃኑ ከላይ ከመስኮቶቹ ወርዶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ አቧራው በውስጡ ይዋኛል። የብስክሌተኞቹ ደጋፊዎች ቃጭላቸውን ከብስክሌታቸው ነቅለው ይዘው መጥተዋል። በእኛ ማጠቢያ ቤት ደግሞ የመተኮሻው ማሽን ቃጭል ሲጮህ ሰው ሁሉ እጁን ከጨርቁ ያነሳል፤ ጣት እንዳይበላ የወጣ ደንብ ነው፣ አሁን ሳናስበው የምናደርገው ሆኗል። ገና ጨዋታው ሲጀመር ያ ሁሉ ቃጭል ባንድ ጊዜ ቢንጫጫ አራታችን እጃችንን ሽቅብ ሰቀልን። ኳሱ መሐላችን ወድቆ ብቻውን ነጠረ፤ ፌንጣ አንስታው ሄደች። ዳኛው፣ በሥራ ቀን ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ፊሽካው ከአፉ እስኪወድቅ ሳቀ።

እጇን ያላነሳችው እትዬ ብቻ ናት። ጆሮዋ በማሽኑ ጩኸት ደክሟል፤ ሥራ ላይ የቃጭሉን መጮህ የምታውቀው የእኔን እጅ አይታ ነው። በዚያ ቅጽበት ደግሞ ዓይኗ ያረፈው ቅርጫቱ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ቃጭል ሊጮህ ነው ስንል ኳሱን ለእሷ እየሰጠን እፎይ አልን። እሷም ኳሱን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ወዲያና ወዲህ እያየች፣ የምትቀበላት ሰው እስክትገኝ ትጠብቃለች። ጨዋታው ዝግ አለ። ድምፁም ራቀብኝ፤ ሁላችንም ውኃ ውስጥ ያለን ይመስለኝ ጀመር። ብስክሌተኞቹ ግን እጃቸውንና እግራቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው። ኳስ ሲያገኙ ያን የናፈቃቸውን ሩጫ ባንድ ጊዜ ሊሮጡት ይፈልጉና ከእጃቸው ያመልጣቸዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እንዲህ ነው።

መጨረሻው ሲቃረብ በአንድ ነጥብ ቀድመን ነበር። ኳሱ እኛ ጋ ነው፣ ሃያ አራቱ ሰከንድ ግን ሊያልቅብን ሆነ፤ የግድ ወረወርኩ። የቅርጫቱን ጠርዝ መትቶ ተመለሰ። ፌንጣ ከላይ ቀልባው ነጎደች። ሁላችንም ከኋላዋ ሮጥን፣ ማናችንም ግን አንደርስባትም። እትዬ ግን ኳሱ ከእጄ ሳይወጣ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቅርጫታችን መራመድ ጀምራ ኖሯል። ፌንጣ ቀና ስትል እትዬ በብርሃኑ መሐል እግሯን ገጥማ ቆማለች። ፌንጣ ዞራ ማለፍ አልቻለችም፤ እትዬ ደረት ላይ ወጣችባት። ኳሱ ቅርጫቱ ውስጥ ገባ፣ እትዬ ወለሉ ላይ ተዘረጋች፣ ፊሽካው ተነፋ።

ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ መጣና እጁን ወደ ፌንጣ ዘረጋ። እትዬ ቀድማ ስለቆመች ጥፋቱ የፌንጣ ነው፣ ኳሱም አይቆጠርም፣ ሰዓቱም አልቋል አለ። አሸነፍን። እውን ይሁን ሕልም ሳላውቅ ሮጬ እላይዋ ላይ ወደቅሁባት፤ እሷ በጀርባዋ እንደተኛች ጣሪያውን እያየች ትስቃለች። እኔ አለቀስኩ፣ ጋሼ። ከእናንተ ከተለየሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ሐኪሙ ጉልበቷን ቀዶ አከማት። ይኸው ትናንት ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ትራመዳለች ብለዋል። ስለዚያ አቋቋሟ ሳደንቅላት፣ “ጀግና ሆኜ መሰለሽ? ልሸሽ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ” አለችኝ። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን፣ አስታማሚዋ መጥታ እስክትቆጣን ድረስ። ከዚያ እትዬ መጋረጃው በነፋሱ ሲገባና ሲወጣ ብዙ አየች። እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ ቁጭ በይ እንጂ ግቢ ያላት ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። “ወንድምሽ ዓይኔን አይቶ ሳያውቅ እንዴት አመነብኝ?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የብርድ ልብሷን ጫፍ ይዤ አስተካከልኩላት። አንተን በስልክ ሳታመሰግን እንደማትተኛ ምላ ተገዝታለች።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መርፌውን ለልጆቹ ትታ ዓይኗን ታሳርፍ። ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችው ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ትልቋን ልጅህን ትምህርትሽን ጠንክረሽ ያዢ ብላለች በልልኝ፣ ትንሹን ድንቡሼን ደግሞ ጉንጩን ንከስልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውም ናፍቆቴን ንገረው።

እሑድ ከእትዬ አልጋ አጠገብ ሆኜ እደውልልሃለሁ። ስትመርቅህ አሜን በል እንጂ እንዳትከራከራት። እትዬ ትግባ ያልከው አንተ ነህ።

የምትወድህ እኅትህ
ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ
ግንቦት ፲፱ ቀን