ጀልባዋ ከውሃ ሳትወጣ

ጥር 20፣ ሰኞ

ዛሬም ያው። ጠዋት ሁለቴ ተሻገርኩ፣ ከሰዓት አንዴ። የዱቄት ጆንያ፣ ፍየሎች፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ከነእናቷ፣ መምህሩ ከነጃንጥላው። ፍየሎቹ ከመምህሩ ይሻሉ ነበር… ቢያንስ መንዳት አያስተምሩኝም።

ቤት ስገባ እማዬ «ዛሬስ ማን ተሳፈረ?» አለችኝ። ከባሌ ከተፋታሁ ወዲህ አንድ ቀን ባል ቲኬት ቆርጦ ይሳፈራል ብላ ትጠብቃለች። «ፍየል» አልኳት። «እሱስ ከበፊተኛው አይከፋም» ብላ ሽሮዋን… ኧረ ሹራቧን መሥራት ቀጠለች። ደክሞኛል። የምጽፈውም ጠፍቶኛል።

ጥር 21

ጉድ ፈላ። ወደቡ ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ሞተሩ ጮኸ፣ ጀልባዋ ቆመች። ጋዝ ጨመርኩ… ጩኸት ብቻ። ተሳፋሪው የወንበር ሳንቃ እየነቀለ ቀዝፎ አደረሰን። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ! አጎቴ (የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ገመድ ይወረውርልኛል፣ ቲኬት ይቆርጥልኛል፣ በተረፈው ሰዓት ይነቅፈኛል) ወለሉ ላይ ተኝቶ ጆሮውን አስጠጋ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው። የከዳን ከውሃ በታች ያለው ነው።»

እንዳናወጣት፣ የጀልባ ማውጫው ካቦ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ ጋሪው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ዓሣ ወልዶበታል። አጎቴ፣ «ማዶ አንድ ጠላቂ መካኒክ አለ፣ ጀልባ ከውሃ ሳያወጣ ይጠግናል ይላሉ» አለ። ይጠራ አልኩ። ምን ምርጫ አለኝ? ከአባቴ የቀረችኝ እሷ ናት።

ጥር 23

በዓሣ አጥማጅ ታንኳ መጣ። አንድ የመፍቻ ቦርሳ፣ አንድ ወፍራም የሱፍ ሹራብ። ሽበት ጀማምሮታል። ሹራቡን እንደለበሰ ውሃ ውስጥ ገባ! አጎቴ፣ «አንተ ሰው፣ ልታጥበው ነው ወይስ ልትሠራ?» ቢለው፣ «ሱፍ ሲርስም ይሞቃል» አለ።

ጆሮው ውስጥ በዘይት የራሰ ጥጥ ይወትፋል። ስለዚህ ሲወጣ መጮሁን አያውቀውም። «ፕሮፔለሯ ደህና ናት! ዘንጉም ደህና ነው! ሁለቱን የምታያይዘው ብረት ናት የተቆረጠችው!» ወደቡ ሁሉ ሰማ። ጣት የምታህል ብረት ናት አሉ። እሷ ከሌለች ዘንጉ ለብቻው ይሽከረከራል፣ ፕሮፔለሯ ዝም ብላ ትቀመጣለች… አንድ ቤት እየኖሩ። የእኔን ትዳር ነው የነገረኝ።

«ነጂዋ እርስዎ ነዎት?» ሲለኝ፣ «ምነው፣ ጢም ይጎድለኛል?» አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ሳቀ። ጥጡን ገና አላወጣም ነበር… እንዴት ሰማኝ?

ጥር 24

ቀኑን ሙሉ ከአንዲት ዳዶ ጋር ትግል። እሱ ውጪ፣ ከውሃ በታች፣ የፕሮፔለሯን ማጥበቂያ ዳዶ ይፈታል። እኔ ውስጥ፣ ወለሉ ተነቅሎ፣ ዘንጉ እንዳይዞር በትልቁ መፍቻ አንቄ እይዛለሁ። ስለማንሰማማ ብረቱን ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ከሆነ «ያዢ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ልቀቂ»። ከዚያ ለመተንፈስ ይወጣል። ከዚያ እንደገና።

እጄን ዘንጉ ላይ ሳደርግ የእሱ እጅ ይታወቀኛል። ሲታገል፣ ሲያርፍ፣ መፍቻው ሲያመልጠው… ሁሉም በብረቱ በኩል ይመጣል። ከሰው ጋር እንዲህ ከተግባባሁ ስንት ዘመኔ! ያውም ፊቱን ሳላይ።

ወደ ማምሻው ዳዶዋ ላላች። አጎቴ አጨበጨበ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በቶሎ መላላቷ ግን ምን ይባላል? ዝገቷ ይህችው ብቻ ናት?

ጥር 25፣ ቅዳሜ

ከቶርኖ ቤት አዲሷ ብረት ተቀርጻ መጣች። ግን ውሃው ድፍርስ ነው። በዳበሳ ልግጠማት ቢል፣ ከእጁ ካመለጠች ጭቃ በላት ማለት ነው። «ጀልባዋን ካላወጣናት ኋላዋን እናንሳ» አለ። አፍንጫዋ ላይ ክብደት ሲጫን ኋላዋ ከውሃ ብቅ ይላል። አሸዋ በጆንያ ጫንን። ውሃ በበርሜል ጫንን። ስንዝር ያህል ቀረ። አጎቴ፣ «ነገ እሑድ ነው፤ ሰው እንጫን። ሥራ ፈት ከእኛ ሰፈር ይጠፋል?» አለ።

በርሜሉ ላይ ተቀምጠን ዳቦ ስንበላ ማዶ ማን አለዎት አልኩት። እህቱና ልጆቿ። ሚስቱ ካረፈች ቆይቷል። ከዚያ ዳቦውን እያየ፣ «እኔን ሰው የሚፈልገኝ ሲበላሽ ነው። ስጨርስ ጀርባዬን ሳላዞር ሞተር ያስነሳሉ። አልፈርድም፣ መንገደኛ አላቸው» አለ።

ዳቦ ይጨምሩ አልኩት። ዳቦ! አፌን በቆረጠው።

እሱ የሚያድርበት ቤት በእኛ መንገድ አይደለም። ዛሬ ግን መንገዴ በዚያ ሆነ… ሁለቴ።

ጥር 26፣ እሑድ

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ባለ ወፍጮዋ (ብቻዋን የሦስት ጆንያ ያህል ናት፣ ራሷ ናት ያለችው)፣ መምህሩ ከነጃንጥላው፣ ሚስቶች፣ ባሎች። አፍንጫዋ ላይ ጥቅጥቅ ብለው ተቀመጡ። ኋላዋ ተነሳ! አጎቴ፣ «ይቺ ጀልባ ዕድሜ ልኳን መቀመጫዋን ለሰው አሳይታ አታውቅም፤ ዞር በሉላት!» እያለ አሳቃቸው። ጠላቂው በተነፋ የመኪና ከመነዳሪ ላይ ተንሳፍፎ ከሥር ገባ። ፕሮፔለሯን በገመድ አንጠልጥሎ ከዘንጉ ሳብ አድርጎ አወጣት። «ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ!» ብሎ ነበር። ሁሉም ሰምቷል።

ከዚያ ጡረተኛው ዳኛ በከዘራቸው ብቅ አሉ።

እኚህ ሰው ፊት ያልቆመ የለም። በመሬት፣ በፍቺ፣ በድንበር… እኔም ቆሜያለሁ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንኳ ሲያልፉ ሰው ተቀምጦ አያያቸውም። «ኖር!» አለ አንዱ። «ኖር! ኖር!» አፍንጫዋ ላይ ያለው ሕዝብ በሙሉ ተነሳ። መነሳት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ቦታ ልልቀቅልዎ፣ እዚህ ይቀመጡ እያለ ግማሹ ወደ ኋላ ተገፋ፣ ግማሹ እጅ ሊነሳ ወደ ወደቡ ወረደ። ዳኛው «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» ይላሉ። ኋላዋ ቧ! ብሎ ወደቀ።

ከመነዳሪው ብቻ ተንሳፈፈ።

እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። ከነጫማዬ። እየዘለልኩ የጮህኩትን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ወየው፣ የኔ ሰው!» ነው ያልኩት። የኔ? ከመቼ ጀምሮ?

ግራ እጁ በፕሮፔለሯና በመሪው መካከል ተይዞ ነበር። ራሱን ከውሃ በላይ ይዤለት «ተቀመጡ! ተቀመጡ!» ስል ሰው እንደገና ወደ አፍንጫዋ ሮጠ። ዳኛው ራሳቸው ሮጠው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ኋላዋ ተነሳ፣ እጁ ወጣ። ሁለት ጣቶቹ ተሰብረዋል። የሚገርመው ቀኝ እጁን እንደጨበጠ ነው… ሲከፍተው ብረቷ አለች። አልጣላትም።

ጥር 27

ሐኪሙ ጣቶቹን አሰረለት። እማዬ ወደ ቤታችን አስመጣችው። «ታማሚ ማደሪያ ቤት አይተኛም» ብላ። የኔ ሰው ማለቴን ከአምስት ሰው ሰምታለች። እሱስ? ጥጡ ጆሮው ውስጥ ነበር። ሰምቶ ይሆን? ባይሰማ ይሻለኛል… አይሻለኝም።

አንቱታው ግን በራሱ ጊዜ ቀርቷል።

ጥር 28

ዛሬ ውሃ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። «በአንድ እጅ አይሆንልኝም፣ አንቺ ትገጥሚያታለሽ» አለኝ። ሹራቡን አለበሰኝ። እውነትም ይሞቃል። ሰፈሩ እንደገና ተጫነ፤ ዳኛው ዛሬ ቀድመው መጥተው መሐል ተቀመጡ። «ንጉሥ ቢመጣ የሚነሳ በሕግ ይጠየቃል» አሉ።

እሱ ከውስጥ በደህና እጁ ዘንጉን ይዞ፣ እኔ ከውጪ። ብረቷን ግራሶ ቀብቼ ቦታዋ ላይ አስገባሁ። ፕሮፔለሯን ገፋሁ። አልገባ አለች። ተናደድኩ፣ ሰደብኳት። ከውስጥ ዘንጉን ለስለስ አድርጎ አዞረልኝ፣ ትንሽ ብቻ… ገባች። ዳዶዋን አጠበቅሁ። ስጨርስ ብረቱን አንኳኩቼ መልቀቅ ነበረብኝ። እጄን ዘንጉ ላይ አድርጌ ቆየሁ። እሱም አልለቀቀም። ባለ ወፍጮዋ «ኧረ እግሬ ደነዘዘ!» ብላ እስክትጮህ።

ጥር 29

ሞከርናት። ሄደች። እንደ ድሮዋ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። እሱ ቦርሳውን እያሰናዳ ነው። ነገ የመጀመሪያው ተሳፋሪ እሱ ነው። በገዛ እጄ ጠግኜ በገዛ እጄ ልሸኘው… ቂል ነኝ። ነገ ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም።

ጥር 30

ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። አጋማሹ ላይ ሳላውቀው ጋዙን ቀንሼዋለሁ። አጎቴ ብድግ አለ።

«ምን ሆነች ደግሞ? ተበላሸች?»

«አልተበላሸችም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ።»

አየኝ፣ እሱን አየው፣ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ተጠቅልሎ የነበረውን ገመድ።

ማዶ ደረስን። ቦርሳውን በደህና እጁ አንስቶ ወረደ። ፍራሽ የተሸከመ ሰው ከኋላው ይገፋዋል። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። በነነ። «ምንም ባይበላሽም ና» አልኩት።

ቆመ። ያልገባው መሰለ። «ምንም ሳይበላሽ ምን ልሠራ?»

«ምንም። እንዲሁ። ስትሄድ ቤቱ ይጎድልብኛል።»

ባለ ፍራሹ ገፋው። የሚለውን ሳልሰማ ሰዉ መሐል ገባ። መንገዱ ታጥፎ እስኪሰውረው ድረስ ሞተር አላስነሳሁም። ተሳፋሪው አጉረመረመ። ያጉረምርም።

የካቲት 3፣ እሑድ

አልመጣም። ለነገሩ እመጣለሁ አላለም። ጠዋት ሞተሩን አዳመጥኩት። ጤነኛ ነው። ምነው ትንሽ ቢያስለው? ዳዶዋን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ላላ ባደርጋት ነገ ይጠሩት ነበር… መፍቻውን አንስቼ ቁጭ አልኩ። አይ። በብልሽት ከሆነማ ማንም ይጠራዋል። መፍቻውን መለስኩት።

ሹራቡን ረስቶታል። እማዬ አጥባ አሰጣችው። ሄጄ አሸተትኩት። ሳሙና፣ ሳሙና ብቻ። ለምን አጠብሽው ብዬ ጮህኩባት፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኋት። ናፍቆኛል። በቃ፣ ናፍቆኛል።

የካቲት 10፣ እሑድ

ማዶ ወደቡ ላይ ሰው ተሰልፏል። ቅርጫት፣ ዶሮ፣ ልጅ ያዘለች። ከዶሮዋ ኋላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ቦርሳ የለውም። ቲኬት እንደማንም ቆረጠ።

«ደግሞ የማን ጀልባ ተበላሸ?» አለ አጎቴ።

«የማንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ነው?»

«እኔም አላውቅም» አለ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት፣ አንዴ ኪሱ ይከታቸዋል፣ አንዴ ያወጣቸዋል። መፍቻ ያልያዘ እጁን ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ና፣ እኔ ጋ ቁም» አልኩት። መጥቶ መሪው ጋ፣ አጠገቤ ቆመ። ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ ያየናል።

ይየን።